በግራዋ ቅጠል የብር ናኖ ቅንጣት አዘጋጅቶ በማንጎ ፈንገስ ላይ መፈተሽ

በባሕር ዳር ዙሪያ ማንጎ የሚያለማ ሁሉ ፍሬው ሲበስል ልጣጩ ላይ የሚወጣውን ጥቁርና ጎድጎድ ያለ ነጥብ ያውቀዋል። በሽታው አንትራክኖስ ይባላል፤ የሚያመጣውም ኮሌቶትሪከም የተባለ ፈንገስ ነው።

ይህን ፈንገስ ይገታ እንደሆነ ለመፈተሽ የብር ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣት፣ አዘጋጃለሁ። ለሙከራው ግራዋን የምመርጠው በየጓሮው ስለሚገኝ ብቻ ሳይሆን፣ ቅጠሉ የብር አየንን (ውኃ ውስጥ የሟሟውን፣ የኤሌክትሪክ ሙል ያለውን የብር አቶም) ወደ ብር የሚለውጡና ቅንጣቶቹ እንዳይጓጎሉ የሚሸፍኑ ፖሊፌኖሎች የተባሉ የዕፅዋት ኬሚካሎች ስላሉት ነው። ቅጠሉ ታጥቦ በጥላ ደርቆ ይፈጫል፤ 10 ግራም ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር የተነጠረ ውኃ ተበጥብጦ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ20 ደቂቃ ከሞቀ በኋላ ይጠለላል።

0.17 ግራም ሲልቨር ናይትሬት የተባለ የብር ጨው በ1 ሊትር የተነጠረ ውኃ ሲሟሟ 1 ሚሊሞላር (በሊትር አንድ ሺኛ ሞል) ይሆናል። የቧንቧም ሆነ የጣና ውኃ ክሎራይድ ስላለው ከብሩ ጋር ተዋሕዶ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። እኔም አንድ ጊዜ በቧንቧ ውኃ የተለቀለቀ ብልቃጥ ሳላደርቅ ብጠቀም፣ ወተት ጠብ እንዳለበት ደፈረሰብኝና ሁሉንም እንደገና ጀመርሁ። ሲልቨር ናይትሬት የነካው ቆዳ ለቀናት ስለሚጠቁር ጓንት የግድ ነው።

ከዚህ የሲልቨር ናይትሬት ብጥብጥ 90 ሚሊ ሊትር ላይ 10 ሚሊ ሊትር የቅጠል ጭማቂ እያማሰሉ በጠብታ ይጨመርና ብርሃን እንዳያገኘው ይሸፈናል። ፈዛዛ ቢጫ የነበረው ብጥብጥ ቀስ በቀስ ጠጅ፣ ቀጥሎም ጥቁር ቡናማ ይመስላል። ነገር ግን ጭማቂው ራሱ ቆይቶ ስለሚጠቁር ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ብጥብጡ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ በሚያሳየው በስፔክትሮፎቶሜትር ሲለካ ከ400 እስከ 450 ናኖሜትር ባለው የብርሃን ሞገድ ርዝመት መካከል ጉልህ የመምጠጥ ጫፍ መታየት አለበት። ከዚያም ቅንጣቶቹ በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ በሚያዘቅጥ ማሽን) ተለይተው በተነጠረ ውኃ ይታጠባሉ።

ቅንጣቶቹ ለብ ባለ የድንች አጋር (ፈንገስ በሚያድግበት፣ ሲቀዘቅዝ በሚረጋ ምግብ) ውስጥ ተቀላቅለው በፔትሪ ዲሽ፣ ማለትም ክዳን ባለው ዝርግ ሳህን፣ ይፈሳሉ፤ አጋሩ ሲረጋ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፈንገስ ቁራጭ መካከሉ ላይ ይቀመጥና በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ7 ቀን ይቆያል። አብረው ሦስት ማነጻጸሪያዎች ይዘጋጃሉ፦ አጋር ብቻ፣ ጭማቂ ያለበትና ሲልቨር ናይትሬት ያለበት። የመጨረሻው ፈጽሞ መቅረት የለበትም፤ ሲልቨር ናይትሬት ብቻውንም ፈንገስ ስለሚገድል፣ ያልታጠበ ዝግጅት ያሳየውን ውጤት ለናኖ ቅንጣቱ መስጠት ስሕተት ነው። የታከመው ፈንገስ ዲያሜትር አጋር ብቻ ባለበት ማነጻጸሪያ ላይ ካደገው ፈንገስ ዲያሜትር ተቀንሶ ለዚያው ለማነጻጸሪያው ዲያሜትር ሲካፈልና በ100 ሲባዛ የመግታት መቶኛው ይገኛል።

ዝግጅቱ ለቤተ ሙከራ እንጂ ለዛፍ ርጭት አይደለም። ብር በጥቂቱም ቢሆን ዓሣንና አልጌን ስለሚጎዳ፣ ትርፉ ወደ ሐይቁ ሊሄድ በሚችል ቦይ አይደፋም፤ የቀረው ሲልቨር ናይትሬት በገበታ ጨው ይዘቅጥና ዝቃጩም ሆነ ያገለገለው የቅንጣት ብጥብጥ ምልክት በተጻፈበት ዕቃ ተዘግቶ ይቀመጣል።