ከአንድ ትሪ የሚበላን ሰው ድርሻ መመዝገብ

የ24 ሰዓት የምግብ ትውስታ የሚባለው፣ አንድ ሰው ትናንት ከነቃበት ጀምሮ ዛሬ እስኪነቃ ድረስ የበላውንና የጠጣውን በቃለ መጠይቅ መመዝገብ ነው። መጠይቁ ብዙ ጊዜ ሁሉም በየሳህኑ እንደሚበላ አድርጎ ስለሚጠይቅ፣ እኛ ቤት ትሪው ላይ ሲደርስ ይሰናከላል።

መጀመሪያ ተጠያቂዋ ቀኑን ሳትቋረጥ ትዘርዝር። «ቁርስ ምን በሉ?» አትበሉ፤ ቁርስ ያልበላች ሴት በይሉኝታ አንድ ነገር ትጠራለች። «ከተነሡ በኋላ መጀመሪያ የቀመሱት ምንድን ነው?» ይሻላል። በሁለተኛው ዙር የሚረሳውን ጠይቁ፦ የቡና ቁርስ ቆሎ፣ ስኳር፣ ጠላ፣ ወጥ ሲሠራ የተቀመሰ፣ የልጅ ትራፊ፣ ጉርሻ። ቀጥሎ ሰዓቱና ቦታው፣ ከዚያ መጠኑ ይመጣል፤ በመጨረሻ ዝርዝሩን አንብቡላት።

አስቸጋሪው መጠኑ ነው። ትሪው ላይ የነበረውን ለተመጋቢዎቹ እኩል ማካፈል የአባትና የ4 ዓመት ልጅን ድርሻ አንድ ያደርገዋል። ይልቅስ ከቤቷ እንጀራ ስጧትና የበላችውን ያህል ትቁረስ፤ የቆረሰችውን 1 ግራም በሚለይ ሚዛን መዝኑ። የእንጀራ ስፋትና ውፍረት ከቤት ቤት ስለሚለያይ ከገበያ የገዛችሁት አይተካውም። የወጡን ድርሻ በራሷ ጭልፋ ውሃ እየቀዳች ታሳያችሁ። ውሃና ወጥ ግን እኩል አይመዝኑም፤ በዚያው ጭልፋ ወጥ ሞልታችሁ ከመዘናችሁ በኋላ በጭልፋው ቁጥር አባዙ።

ድስቱንም አትርሱ። ለምሳሌ 120 ግራም የሽሮ ዱቄት፣ 150 ግራም ሽንኩርትና 60 ግራም ዘይት ገብቶ የበሰለው ወጥ 1,200 ግራም ቢመዝን፣ 200 ግራም የበላች ሴት የድስቱን አንድ ስድስተኛ ወስዳለች፦ 20 ግራም ሽሮ፣ 25 ግራም ሽንኩርት፣ 10 ግራም ዘይት። ከስብ 1 ግራም 9 ኪሎ ካሎሪ ስለሚገኝ ዘይቱ ብቻ 90 ይሆናል። ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን በግራም 4፣ አልኮል 7 ይሰጣሉ። ዘይቱን «ትንሽ ጠብ አደረግሁ» ብላ ካለፈችው የቀኑ ኃይል በብዙ ይጎድላል።

የምግብ ስብጥር ሲቆጠር ከ15 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ከ10 የምግብ ምድቦች ቢያንስ 5 መብላቷ ይታያል፤ 15 ግራም ያልሞላ ምድብ አይቆጠርም። በምሳሌው ሽሮውና ሽንኩርቱ ይቆጠራሉ። ዘይት ከ10ሩ ውስጥ የለም፤ በርበሬም ቅመም እንጂ አትክልት ተብሎ አይገባም።

ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ የሄደ ጠያቂ ከኦርቶዶክስ ጿሚዎች ቤት የረቡዕና የዓርብ ጾም ብቻ ይዞ ይመለሳል። ቀኖቹን በሳምንቱ በትኑ፤ ከተጠያቂዎቹ ለተወሰኑት ደግሞ ተከታታይ ባልሆነ ሁለተኛ ቀን ድገሙ። የአንድ ቀን መዝገብ የቡድንን አማካይ ያሳያል እንጂ የአንዷን ሴት የዘወትር አመጋገብ አይመሰክርም።

የቡድኑ አማካይ ኃይል ከመሠረታዊ ሜታቦሊዝም፣ ማለትም አካል ተኝቶና ሳይበላ ለመኖር ብቻ ከሚያወጣው፣ በታች ከሆነና ሰዎቹ ካልከሱ፣ መዝገቡ ጎድሏል፤ ወደ ዘይቱና ወደ ጉርሻው ተመለሱ። የጤፍ ብረት ላይም ተጠንቀቁ። በአውድማ በበሬ ሲወቃ የሚገባው አፈር የብረቱን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል፤ አካል ግን ያንን ብረት እምብዛም አይጠቀምበትም። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው በኋላ የሚጠጣ ቡናም የብረትን መመጠጥ ስለሚቀንስ ሰዓቱን ጻፉ።