ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ሌሊቱን እንዴት ይተኛ?

አባዬ እጁ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከስንት አመት በፊት ጀምሮ ሌሊት እየጮኸ ይራገጥ ነበር፣ አንዴ ህልሙ ላይ ጅብ ሲያባርር ኮመዲኖውን በቡጢ መቶት ጣቱ ሁሉ ተላልጧል፣ እማዬ ቅዠት ነው ብላ በስመአብ እያለች ታስተኛው ነበር እንጂ ማናችንም ከበሽታ ጋር አላያያዝነውም። ለካ የፓርኪንሰን፣ ማለትም እጅ የሚያንቀጠቅጠውና ሰውነት የሚያደርቀው የአንጎል በሽታ፣ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። እኛ ቤት የሰራውንና ከኒውሮሎጂስቱ (ከነርቭ ሐኪሙ) የተማርነውን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ዶክተሩን ሳታማክሩ ፋርማሲ ሄዳችሁ የእንቅልፍ ኪኒን እንዳትገዙ። "እንቅልፍ እምቢ አለው" የሚባለው አንድ ችግር አይደለም፣ አንዱ መገላበጥ አቅቶት ይነቃል፣ አንዱን ሽንት ያመላልሰዋል፣ አንዱን እግሩ እረፍት ይነሳዋል፣ ሌላው ቀን ሙሉ ሶፋ ላይ ሲያንቀላፋ ውሎ ነው። ስለዚህ ደብተር ያዙ። ለሁለት ሳምንት ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ነቃ፣ ለምን ነቃ፣ መድሃኒቱን መቼ ዋጠ፣ በቃ ይሄን ብቻ። የኛ ደብተር ላይ ሌሊት 8 ሰዓት፣ 8 ተኩል እየተደጋገመ መጣ፣ ማታ 2 ሰዓት የዋጠው ሌቮዶፓ (ዋናው የፓርኪንሰን መድሃኒት) አልቆበት ነበር ሰውነቱ እንደ እንጨት የሚደርቀው። ዶክተሩ ይሄን አይቶ ለመኝታ ሰዓት ቀስ እያለ የሚለቀቀውን አይነት አዘዘለት።

መገላበጡ ላይ ጋቢውን ተጠንቀቁ። አባዬ ያለ ጋቢ አይተኛም ነበር፣ ግን ጥጥ በጥጥ ላይ ይያያዛል፣ ዞር ሊል ሲል ይጠቀለልበትና እዛው ታስሮ ይቀራል። ቀለል ያለ ብርድ ልብስ ቀየርንለት፣ አንሶላው ላይ ደግሞ ከትከሻው እስከ ጭኑ የሚደርስ ሳቲን ጨርቅ ዘረጋን። እግሩ ጋ ሳቲን አታድርጉ፣ ተረከዙ የማያንሸራትት ነገር ይፈልጋል። አገላበጡ እንዲህ ነው፦ ሁለቱንም ጉልበት ማጠፍ፣ ፊትን ወደሚዞርበት ማዞር፣ የሩቁን እጅ በደረት ላይ አሻግሮ መዘርጋት፣ ከዛ ጉልበቶቹን አንድ ላይ ወደዛው መጣል። ዳሌውና ትከሻው ተከትለው ይመጣሉ። ቀን ቀን አለማምዱት።

እየጮኸ ለሚራገጠው ደግሞ መጀመሪያ ክፍሉን ነው ማስተካከል። ኮመዲኖ፣ ብርጭቆ፣ ሹል ነገር ከአልጋው ይራቅ፣ መሬት ላይ ፍራሽ ይነጠፍ፣ አብሮት የሚተኛው ሰው ለጊዜው ሌላ አልጋ ይያዝ። አትወዝውዙት፣ ራቅ ብላችሁ በስሙ ቀስ ብላችሁ ጥሩት። ዶክተሩ ሜላቶኒን ወይም ክሎናዜፓም ሊያዝ ይችላል፣ ክሎናዜፓም ግን ትልልቅ ሰዎችን ያደናግራል፣ ይጥላልም፣ ስለዚህ በራሳችሁ አትጀምሩት። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ እኛም ወስደነዋል፣ ግን እባካችሁ ኪኒኑ አይቋረጥ፣ ሌቮዶፓ በድንገት ሲቆም ሰውነት ድርቅ ይልና ሃይለኛ ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል፣ ህይወትም ያሰጋል። ሌሊት ይረብሻል ተብሎ ሃሎፔሪዶል፣ ለማቅለሽለሽ ደግሞ ፕላሲል ሲታዘዝ ካያችሁ "ፓርኪንሰን አለበት" በሉ፣ ሁለቱም በሽታውን ያባብሳሉ። እኛ አንድ ድንገተኛ ክፍል ሳንናገር ቀርተን አባዬ ሳምንት ሙሉ መራመድ አቅቶት ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሽንት የሚያመላልሰው ሰው ከመኝታ ሁለት ሶስት ሰዓት በፊት ፈሳሽ ይቀንስ፣ አልጋው ስር ፖፖ ይቀመጥለት። ሲነሳ ግን ዘሎ አይቁም፣ የደም ግፊቱ ዝቅ ይልና ይወድቃል። አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ይበል። መብራት ይጠፋልና ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ መብራት አጠገቡ አይጥፋ።

እግሩን እረፍት የሚነሳው ከሆነ የደም ብረቱን አስመርምሩ። ብረት ከታዘዘለት ከሌቮዶፓ ጋር አንድ ላይ እንዳይውጠው፣ የመድሃኒቱን ስራ ይቀንሳል፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ሴሌጂሊን ወይም አማንታዲን የሚባሉትን ሌሎች የፓርኪንሰን መድሃኒቶች የሚወስድ ሰው ማታ ከዋጠው እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማምጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቁለት።

ቀኑም አይረሳ። ጠዋት ጸሃይ ላይ አውጡት፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅር፣ የአባዬ ጸብ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ቡናው ሲፈላ ጭሱ ከሸተተው አይሆንም ማለት ይከብዳል፣ ስለዚህ ማፍላቱን ራሱ ወደ ጠዋት አመጣነው። ፕራሚፔክሶል ወይም ሮፒኒሮል (እነሱም የፓርኪንሰን መድሃኒት ናቸው) የሚወስድ ሰው ሳያስበው ድንገት ሊተኛ ስለሚችል መኪና መንዳቱን ከዶክተሩ ጋር ሳትነጋገሩ አትፍቀዱ። በጣም የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ካለ ደግሞ እሱም ለብቻው ይመርመር።

እና ሌሊቱን ተከፋፈሉት። እኛ ቤት እማዬ ለሁለት አመት ብቻዋን ነቅታ ግፊት ይዟት ነው የነቃነው። አሁን እኔና ወንድሜ ተራ እንገባለን፣ ተራችን ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፏል፣ እሷ በሯን ዘግታ ትተኛለች።