የክበባችን ኮምፖስት ሽታው እንዴት ጠፋ

ደሴ ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የክበባችን ተማሪዎች የካፌውን ትርፍራፊ ለኮምፖስት (ለብስባሽ ማዳበሪያ) ያጠራቅማሉ። ሰሞኑን ጉድጓዱ ገማ። ዝንቡም አላስቀምጥ አለ። ጎረቤት "ድፈኑልን" ማለት ጀመረ።

የሚገባው ሁሉ እርጥብ ነበር፦ የሻገተ እንጀራ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ። እርጥብ ነገር ብቻውን ሲታመቅ አየር ያጣና ይገማል። ደረቅ ነገር ካርቦን፣ እርጥቡ ደግሞ ናይትሮጅን ይበዛበታል፤ በክምሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ለናይትሮጅኑ 30 ለ 1 ገደማ ሲሆን ነው ደህና የሚበሰብሰው።

"ደረቅ ነገር አምጡ" አልኳቸው። የጤፍ ጭድና የማሽላ አገዳ መጣ። አንዱማ ገረባ በጆንያ ሞልቶ ከች አለ (ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩም)። እንጨት እንጨቱን ከታትፈን ጨመርነው።

አሁን ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ባልዲ ደረቅ ነው። በየሳምንቱ ይገላበጣል። ሥጋና ቅባት ክልክል፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። እርጥበቱን ልጆቹ በእጃቸው ጨብጠው ይለኩታል፦ ውሃ ከተንጠባጠበ ጭድ፣ ከተበተነ ውሃ ይጨመራል።

የደሴ ብርድ እንዳያቀዘቅዘው ክምሩን ወደ 1 ሜትር ከፍ አደረግነው። መሃሉ የተሰካው ዱላ ሲወጣ ትኩስ ነው። ሽታውም ጠፍቷል። ሲደርስ መጀመሪያ የሚገባው ቆስጣው መደብ ላይ ነው።