ደም ለመለገስ እንዴት መዘጋጀት ይገባል?

ከወሊድ በኋላ ደም እየፈሰሳት ጅማ ሆስፒታል የምትደርስ እናት የሚያስፈልጋት አስቀድሞ ተለግሶና ተመርምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ደም ነው፤ ዘመድ በዚያች ሰዓት ክንዱን ቢዘረጋ እንኳ ምርመራው ጊዜ ይወስዳል። ቀይ የደም ሕዋሳትም እንደ ማቆያው ፈሳሽ ዓይነት ከ35 እስከ 42 ቀን ብቻ ስለሚቆዩ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በዘመቻ የሚሰበሰብ ደም አይበቃም።

ዕድሜዎ ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደትዎ ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰ፣ ጤንነትዎም የተሟላ ከሆነ ወደ ደም ባንክ ወይም ወደ ተንቀሳቃሽ የደም ማሰባሰቢያ ቡድን ይሂዱ።

ዋናው ዝግጅት ከዋዜማው ይጀምራል። በቂ እንቅልፍ ይተኙ፤ ጠዋት ቁርስ ይብሉ፤ ከመለገስዎ በፊት ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ ይጠጡ። ቡና የምግብንም ሆነ የውኃን ቦታ አይተካም። ይህን የማሳስበው በእኔ ስለደረሰ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የለገስሁት ቁርስ ሳልበላ፣ እንደ ጅማ ልማዳችን ቡና ብቻ ጠጥቼ ነበር። ደም ሰጥቼ እንደጨረስሁ ቶሎ ተነሣሁና በሩ ላይ ስደርስ ዐይኔ ጨልሞብኝ ወደቅሁ። እኔ ወዲያው አገገምሁ፤ ሆኖም ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት ሁለት ጓደኞቼ ፈርተው ተመለሱ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ይኸው ነው። በጾም ወቅት ከሆነ፣ ቀኑን ወይም ሰዓቱን ማዛወር ይሻላል እንጂ ባዶ ሆድ መለገስ አይገባም።

በቦታው የደም ግፊትና የሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ብረት ያለበት ፕሮቲን) መጠን ይለካል፤ ጥያቄዎችም ይቀርባሉ። በቅርቡ ወባ ታመው ወይም መድኃኒት ወስደው ከሆነ ሳይደብቁ ይናገሩ። የተለገሰው ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ነገር ግን አንድ ሰው በቅርብ ቀናት ተይዞ ከሆነ ምርመራው ላያሳየው ይችላል። ስለዚህ የራስን ውጤት ለማወቅ ሲባል ብቻ ደም መለገስ ተቀባዩን ለአደጋ ማጋለጥ ስለሆነ አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

ደም መስጠቱ ራሱ 10 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ነው።

ከዚያ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይረፉ፤ የሚሰጥዎትን ለስላሳ መጠጥ ይጠጡ፤ በዕለቱ ከባድ ዕቃ አያንሡ። ካዞረዎት ወዲያው ተጋድመው እግርዎን ከፍ ያድርጉ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ምስር፣ ጎመንና ሥጋ ይመገቡ፤ ቡናውን ግን ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ይጠጡ፤ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳልና። ከ3 ወር በኋላ ተመልሰው መለገስ ይችላሉ።