ከሐዋሳ በአውሮፕላን ለምትመላለሱ፦ የስማችሁን ፊደል አስተያዩ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ ቶሎ ቶሎ የምትበሩ ካላችሁ፣ ሼባ ማይልስ (በበረራችሁ ልክ «ማይል» የሚባል ነጥብ የሚቆጥርላችሁ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ፕሮግራም) ስትመዘገቡ ስማችሁን በእንግሊዝኛ ፊደል ልክ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ጻፉት። ቲኬት ስትቆርጡም እንደዚያው። እኔ «ፀሐይ»ን አንዱ ጋ በ«ቲ ኤስ»፣ ሌላው ጋ በ«ቲ» ብቻ ጽፌ የስንት በረራ ማይል ሳይገባልኝ ቀረ። ጥፋቱ የራሴው ነው። ደግነቱ የቦርዲንግ ፓሶቹን ቁራጭ ረከቦቱ መሳቢያ ውስጥ አጭቄው ስለነበር፣ ጊዜው ሳያልፍ አቅርቤ አስቆጠርኩ። እናንተም ማይሉ መግባቱን ሳታዩ እንዳትጥሉት።

ጎረቤቴ ፓይለት ነው፤ ቤተሰቡ እዚህ፣ ሥራው አዲስ አበባ። «አንተማ እስካሁን ጎልድ ሆነሃል» (ብዙ ማይል ለሰበሰበ የሚሰጠው ከፍ ያለ ደረጃ ነው) ብለው ሳቀብኝ። ለካ በሠራተኛ ቲኬት ወይም ኮክፒት ውስጥ ባለችው ትርፍ ወንበር ሲመላለስ አንዲት ማይል አይቆጠርለትም! የሚቆጠረው እንደማንኛውም መንገደኛ ከኪሱ ከፍሎ የበረረው ነው። እሱም ቢሆን ርካሹ ቲኬት ማይሉ ያንሳል።

ደግሞ ነፃ ቲኬት የምትቆርጡበት ማይልና ደረጃ የሚያሳድገው ማይል ለየብቻ ነው የሚያዙት፤ አንዱን ብታጠፉ ሌላው አይነካም።

የሐዋሳ መንገድ አጭር ስለሆነ ብቻውን ጎልድ ያደርሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ውጭ አገር የምትሄዱ ከሆነ ግን፣ በሌላ የስታር አሊያንስ (የኢትዮጵያ አየር መንገድም ያለበት የአየር መንገዶች ኅብረት) አባል አየር መንገድ ብትበሩም የሼባ ማይልስ ቁጥራችሁን ስጡ። ጎልድ ከሆናችሁ በኢኮኖሚ ቲኬትም ቢሆን ላውንጅ (የአየር ማረፊያው ምቹ የእንግዳ ማረፊያ) ትገባላችሁ፤ ሻንጣ በኪሎ በሚመዘንበት በረራ ደግሞ 20 ኪሎ ይጨመርላችኋል። ለእኔ ከላውንጁ ይልቅ ኪሎው ይበልጥብኛል፤ በርበሬና ሽሮ ጭኖ የሚሄድ ሰው ይገባዋል።