የጂዳዋን ስልክ የሚያቆራርጠው ራውተር፦ ኦፕን-ደብሊውአርቲን እንዴት እንደጫንኩት

እህቴ ጂዳ ናት። ማታ ማታ ሥራ ስትጨርስ በኢሞ ለእናቴ ትደውላለች። እናቴም ስልኩን ረከቦቱ ላይ አስደግፋ፣ ቡናዋን እያፈላች ታወራታለች። ታናሽ ወንድሜ ጓዳ ገብቶ ፊልም ማውረድ ሲጀምር ግን የእህቴ ፊት ድርቅ ይላል፤ ድምጿም ይቆራረጣል። «ያ ረቢ፣ ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ትላለች እናቴ፣ ስልኩን መታ መታ እያደረገች።

የምንከፍለው ለ10 ሜጋ ኢንተርኔት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ «ወደ 20 ይደግ» አለ። እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር የምጠግን ሰው ነኝና፣ ገንዘብ ከመጨመሬ በፊት ልለካ አልኩ። ከላፕቶፔ ወደ 8.8.8.8፣ ማለትም ወደ አንድ የጉግል ሰርቨር፣ ፒንግ ላክሁ፤ ፒንግ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ የሚለካ ነው። ቤቱ ጸጥ ሲል መልሱ በ70 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይመጣል። ወንድሜ ማውረድ ሲጀምር ከ1000 አለፈ። አንድ ሰከንድ ሙሉ!

ችግሩ የመንገዱ ጥበት ሳይሆን ወረፋው ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትመጡ የሐረጎን ዳገት ታውቁት የለ? የወንድሜ ፊልም እዚያ ዳገት ላይ የተሰለፈ ሲኖትራክ ነው። የእህቴ ድምፅ ደግሞ ከኋላው የተጣበቀች ባጃጅ። መንገዱን ብታሰፉት ሲኖትራኩ ይበዛል እንጂ ባጃጇ ቀድማ አታልፍም። የሚያስፈልገው ተራ አስከባሪ ነው። ራውተሬ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ለቤቱ ስልክና ላፕቶፕ የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ ይዞት የመጣው ሶፍትዌር ተራ አስከባሪ የለውም። ኦፕን-ደብሊውአርቲ አለው።

ኦፕን-ደብሊውአርቲ ሊኑክስ በሚባለው ኮዱ ክፍት የሆነ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የተሠራ ነፃ የራውተር ሶፍትዌር ነው። የስሙ ነገር ሊንክሲስ በ2002 ካወጣው ደብሊውአርቲ 54ጂ ከሚባል ራውተር የመጣ ነው። ያ ራውተር ውስጡ ሊኑክስ ስለነበር ኩባንያው በሊኑክስ የአጠቃቀም ፈቃድ (ላይሰንስ) መሠረት ኮዱን በ2003 ለሕዝብ ከፈተ። በ2004 በዚያ ላይ ተመሥርቶ ፕሮጀክቱ ተጀመረ።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ራውተሩን ገልብጡት። አልቀልድም፤ ግማሹ ሥራ እዚያ ሆዱ ላይ ያለው ስቲከር ነው። ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን ከአጠገቡ ያለችውን ትንሽዬ የሥሪት ቁጥር አንብቡ። እኔ በዚህ ነው የተበላሁት። ቲፒ-ሊንክ 841ኤን የሚባለውን፣ ሁለት አንቴና ያለውን ነጩን ራውተር፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያገለገለ ገዛሁ። ስቲከሩ ተልጧል። «ያው 841 ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ለካ 14ኛው ሥሪት ነው፦ 4 ሜጋባይት ማከማቻና 32 ሜጋባይት ራም። አዲሱ ኦፕን-ደብሊውአርቲ እዚያ ውስጥ አይገባም። የሚገርመው 13ኛው ሥሪት 8 እና 64 ነበረው። አዲሱ ከአሮጌው አነሰ ማለት ነው! እንግዲህ ስቲከሩ የተላጠ ራውተር አትግዙ። ቢያንስ 16 ሜጋባይት ማከማቻና 128 ሜጋባይት ራም ያለውን ፈልጉ። እኔ በኋላ ያገኘሁት አርቸር ሲ7 ነው፤ 5ኛው ሥሪት፣ ልክ 16 እና 128።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ከመስመሩ ጋር የመጣውን የፋይበር ሳጥን አትንኩ። እሱ መስመሩን ወደ ቤት የሚያስገባ ዕቃ ነው፤ ካበላሻችሁት ኢንተርኔቱ አብሮ ይሄዳል። የራሳችሁን ራውተር ከኋላው ሰክታችሁ በእሱ ላይ ነው የምትጫወቱት።

ቀጥሎ በኦፕን-ደብሊውአርቲ ድረ ገጽ ላይ ሞዴላችሁንና ሥሪቱን ፈልጋችሁ ፋይሉን አውርዱ። ሁለት ዓይነት ፋይል ታያላችሁ። ፋክተሪ የሚለው የፋብሪካው ሶፍትዌር ላለበት ራውተር ነው። ሲስአፕግሬድ የሚለው ኦፕን-ደብሊውአርቲ ቀድሞ ለተጫነበት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ፋክተሪ። ከፋይሉ አጠገብ ሻ256 የሚል ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት አለ፤ የፋይሉ አሻራ በሉት። ያወረዳችሁትን ፋይል ሻ256 በላፕቶፓችሁ አስልታችሁ ከእሱ ጋር አመሳክሩት። በቀሰስተኛ መስመር ያወረዳችሁት ፋይል ጎድሎ ሊሆን ይችላልና ይህን አትዝለሉ። ከዚያ የፋይሉን ስም አሳጥሩት። የቲፒ-ሊንክ ገጽ ረጅም ስም ሲያይ አንዳንዴ እምቢ ይላል።

ዋይፋይ አጥፉና ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙ። በብራውዘር ወደ ራውተሩ ገጽ ገብታችሁ ፈርምዌር (የራውተሩ ሶፍትዌር) ማሻሻያ በሚለው ቦታ ፋይሉን ስጡት። ከዚያ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ አትነካኩት።

እኔ በሦስተኛው ደቂቃ መብራት ጠፋብኝ። ክረምት ነበር፣ ጦሳ ላይ ነጎድጓድ ነበር፣ እኔም እያየሁት ነበር የጀመርኩት። መብራቱ ሲመለስ ራውተሩ አንድ መብራት ብቻ አብርቶ ዝም አለ። ሞተ።

ደግነቱ ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ብዙ የቲፒ-ሊንክ ራውተሮች ሲነሱ ፋይል የሚፈልጉበት የማዳኛ መንገድ አላቸው። የላፕቶፔን አድራሻ በእጄ 192.168.0.66 አደረግሁ፤ ቲኤፍቲፒ ሰርቨር የሚባል፣ ፋይል በኬብሉ የሚያቀብል ፕሮግራም ከፈትሁ፤ የዊንዶውስን ፋየርዎል አጠፋሁ። ፋክተሪ ፋይሉን ራውተሩ በሚፈልገው ስም ሰየምኩት። ስሙ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ በሞዴላችሁ ገጽ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጡ። ከዚያ የሪሴት ቁልፉን ተጭኜ እንደያዝኩ ራውተሩን አበራሁት። ፋይሉን ሲስበው ላፕቶፑ ላይ አየሁ። ወላሂ፣ እናቴ ከጓዳ እስክትወጣ ጮኬያለሁ። ስለዚህ የሞዴላችሁን ገጽ ከመጀመራችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ራውተሩ ከሞተ በኋላ በምን ኢንተርኔት ትፈልጉታላችሁ? አሁን ለራውተር የምትሆን ባለ 12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የምትተካ ባትሪ፣ ገዝቻለሁ። እሷ ከሌለቻችሁ ጦሳ ላይ ደመና በጠቆረበት ቀን አትጀምሩ።

ሲጨርስ በብራውዘር 192.168.1.1 ብላችሁ ግቡ። የሚመጣው ገጽ ስሙ ሉሲ ይባላል፤ ከእኛዋ ድንቅነሽ ጋር ዝምድና የለውም። ተጠቃሚው ሩት ነው፣ የይለፍ ቃል የለውም። መጀመሪያ የይለፍ ቃል አውጡለት። ዋይፋይ ባታዩ አትደንግጡ፤ ሲጫን ዋይፋዩ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ገብታችሁ አገሩን ኢትዮጵያ በሉት፣ ስምና የይለፍ ቃል ስጡት፣ አብሩት። እንደ እኛ ቤት ግድግዳው ወፍራም ጭቃ ከሆነ፣ ከሁለቱ የዋይፋይ ሞገዶች 2.4 ጊጋኸርዙ ነው ጓዳ የሚደርሰው።

አሁን አንድ ምሽት ሙሉ የበላኝ ነገር። ከፋይበር ሳጥኑ የመጣውን ኬብል ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። ኢንተርኔት የለም። ኬብል ቀየርኩ፣ የለም። ለካ ሳጥኑም አድራሻው 192.168.1.1 ነው። ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ሲኖራቸው ፖስተኛው የት ይሂድ? የራውተሩን የውስጥ አድራሻ ወደ 192.168.5.1 ቀይሩት። ልብ በሉ፦ ሉሲ ከለውጡ በኋላ ተመልሳችሁ ካልተገናኛችሁ የቆለፋችሁ መስሎት የድሮውን ይመልሳል። ስለዚህ ሳያረጋግጥ እንዲተገብር የሚያዘውን ምርጫ ተጫኑ፣ ኬብሉን ነቅላችሁ ሰኩ፣ በአዲሱ አድራሻ ግቡ።

አሁን ተራ አስከባሪው። ሶፍትዌር በሚለው ገጽ ዝርዝሩን አድሱና ሉሲ-አፕ-ኤስኪውኤም የሚባለውን ጫኑ። መስመሩ የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ማለትም ዋንን ምረጡ፤ ወደ ቤት ውስጥ የሚሄደውን፣ ማለትም ላንን ከመረጣችሁ ማውረድና መስቀል (መላክ) ይገለባበጥባችኋል። የወረፋውን ዓይነት ኬክ በሉት፤ እውነተኛ ስሙ ነው። ፍጥነቱን በኪሎቢት ሙሉበት፣ ግን ሙሉውን አይደለም። ከለካችሁት ከ80 እስከ 90 በመቶ ስጡት። እኔ ለ10 ሜጋ፣ ማለትም ለ10000 ኪሎቢት፣ 8500 ሞላሁ፣ ለሚወርደውም ለሚሰቀለውም። ለምን ቀነስን? ወረፋው በሳጥኑ ውስጥ ወይም ከዚያ ወዲያ ከተሠራ ራውተራችን ምንም ማድረግ አይችልም። ትንሽ ስንቀንስ ወረፋው እኛው በር ላይ ይሆናል፣ ተራ የሚያስከብረውም የእኛው ሰው ነው። መስመራችሁ ቀንና ማታ የሚለያይ ከሆነ ማታ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ለኩ።

ወንድሜን ፊልም አውርድ አልኩትና ፒንጉን ደግሜ ላክሁ። 90፣ 95፣ 88። ከዚያ ሁሉንም ቅንብር ባክአፕ አድርጌ ፍላሽ ላይ አኖርኩት፤ እናንተም ይህን ሳታደርጉ አትተኙ።

እናቴ ምንም አላለችኝም። ስልኩ ስላልተቆረጠ የምትለው ነገር አልነበራትም። ወንድሜ ግን የ8500ዋን ነገር ሰምቶ «ከ10 ሜጋዬ ላይ ቆርጠህብኛል» ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈኝ።