የስኪመሩንና የወለል መሳቢያውን የመሳብ ኃይል ማመጣጠን፦ ለቤት የመዋኛ ገንዳ

ፓምፑ ቀኑን ሙሉ እየሠራ በውሃው ገጽ ላይ ቅጠልና አቧራ ተንሳፎ የሚውል ከሆነ፣ ወይም በተቃራኒው ገጹ ጠርቶ ሳለ በጥልቁ በኩል ውሃው ቀዝቅዞ ግድግዳው አረንጓዴ የሚያበቅል ከሆነ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፓምፑም የማጣሪያውም አይደለም። ፓምፑ ውሃ የሚስበው ከሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ በገንዳው ጠርዝ በውሃው ልክ የተቀመጠው፣ በገጹ ላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ የሚስበው ስኪመር ሲሆን፣ ሌላው ብዙዎች ሜይን ድሬን የሚሉት በጥልቁ ወለል ላይ ያለው መሳቢያ ነው። ፓምፑ በአንድ ጊዜ መሳብ የሚችለው የውሃ መጠን የተወሰነ ስለሆነ፣ ለአንዱ የሚሰጠው ከሌላው የሚቀነስ ነው።

ቅጠል፣ የዛፍ ብናኝ፣ ነፍሳት፣ ከሰው ገላ የሚለቀቅ ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ክሬም መጀመሪያ የሚገኙት በውሃው ገጽ ላይ ነው፤ እዚያው ሳሉ ካልተወሰዱ ከፊላቸው ረጥበው ይሰምጣሉ። ስለዚህ ትልቁ ድርሻ ለስኪመሩ ይገባል። የወለል መሳቢያው ወለሉን ይጠርጋል ብሎ መጠበቅ ግን ስሕተት ነው። ከክዳኑ ጥቂት ራቅ ብሎ የተቀመጠን ደለል እንኳ አይጎትትም፤ ለዚያ ሥራ ብሩሽና የወለል መጥረጊያ አሉ። የመሳቢያው ዋና ጥቅም የታችኛውን ውሃ እያንቀሳቀሰ ክሎሪኑና ሙቀቱ በገንዳው ሁሉ እንዲዳረስ ማድረግ ነው። ሞቃት ውሃ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በተለይ ማሞቂያ ባለው ገንዳ ይህ ጥቅም በግልጽ ይታያል።

ብዙ ሰዎች መሳቢያው ጥልቅ ቦታ ላይ ስላለ ፓምፑ ውሃውን ከዚያ ለማንሳት የበለጠ ይደክማል ብለው ያስባሉ። በቧንቧው ውስጥ ያለውን ውሃ ግን የገንዳው ውሃ ራሱ በክብደቱ እየገፋ እስከ ገጹ ልክ ያደርሰዋል፤ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ሆነ ሦስት ሜትር ለፓምፑ ልዩነት አያመጣም። ልዩነት የሚያመጣው በቧንቧው ውስጥ ያለው ሰበቃ ነው፤ ማለትም የቧንቧው ርዝመት፣ ስፋት፣ የመታጠፊያዎቹ ብዛትና በውስጡ የተጠራቀመው ቆሻሻ ነው። ሰበቃው የውሃው ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ወደ አራት እጥፍ ስለሚጠጋ፣ አንዱን መስመር ዘግቶ ሁሉንም ውሃ በሌላው ማስገደድ ፓምፑን በእጅጉ ያስጨንቃል። ለመሳቢያ ቧንቧ በተለምዶ የሚያዘው የፍጥነት ጣሪያ በሰከንድ 1.8 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ልክ የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ቧንቧ በሰዓት ወደ 12.7 ሜትር ኩብ፣ 40 ሚሊሜትር የሆነው ደግሞ ወደ 8 ሜትር ኩብ ውሃ ያሳልፋል። የፓምፑ ፍሰት ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ ሁለቱም መስመሮች በየድርሻቸው ክፍት መሆን አለባቸው።

ቫልቭ ከመንካት በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። የውሃው ከፍታ በስኪመሩ አፍ መካከል ላይ መሆኑን ማረጋገጥ፣ የስኪመሩንና የፓምፑን ቅርጫት ባዶ ማድረግ፣ የማጣሪያው ግፊት ንጹሕ ሳለ ከሚያሳየው በ0.5 እስከ 0.7 ባር ከፍ ብሎ ከሆነም ማጣሪያውን ማጠብ ያስፈልጋል። ይህን ዘልሎ ማመጣጠን ዋጋ የለውም፤ ቅርጫቱ በቅጠል በተሞላበት ሰዓት የተገኘው ሚዛን ቅርጫቱ ሲጸዳ ይፈርሳልና።

ቀጥሎ የትኛው ቫልቭ የየትኛው መስመር እንደሆነ መለየት ይገባል። ተራው ባለመያዣ ቫልቭ፣ መያዣው ከቧንቧው ጋር በአንድ አቅጣጫ ሲሆን ክፍት፣ ቧንቧውን ሲያቋርጥ ዝግ ነው። ሁለቱን መስመሮች በአንድ ላይ የሚቆጣጠረው ባለሦስት አፍ ቫልቭ ከሆነ ግን፣ በብዙዎቹ መያዣ ላይ ያለው «ኦፍ» የሚል ጽሑፍ የሚያመለክተው የተዘጋውን አፍ ነው፤ ይህን አገላብጦ መረዳት የተለመደ ስሕተት ነው። በየትኛውም ዓይነት ቢሆን፣ ፓምፑ እየሠራ ሁለቱን መስመሮች በአንድ ጊዜ መዝጋት ፈጽሞ አይገባም፤ ውሃ ያጣ ፓምፕ ውሃ እንዳያፈስ የሚያደርገው ማኅተሙ (ሲል) በአጭር ጊዜ ይቃጠላል።

አሁን ሁለቱም መስመሮች ሙሉ በሙሉ ይከፈቱና ፓምፑ ይነሣ፤ በፓምፑ ግልጽ ክዳን ሥር ያለው አየር እስኪወጣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ የሚታየው ቫልቩ ሳይሆን በስኪመሩ አፍ ላይ ያለችው ተወዛዋዥ በር ናት። በሩ ሳትነቃነቅ ቀጥ ብላ ከቆመች ስኪመሩ ድርሻውን አላገኘም። የወለሉን ቫልቭ በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቡ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሁለት ደቂቃ እየጠበቁ፣ በሩ ወደ ውስጥ ዘንበል ብላ የውሃው ገጽ በላይዋ በስሱ መንሸራተት እስኪጀምር ድረስ መቀጠል ነው። ከስኪመሩ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ የተጣለ ደረቅ ቅጠል በራሱ ወደ አፉ የሚጓዝ ከሆነ ስኪመሩ በደንብ እየሳበ ነው። በስኪመሩ ውስጥ አዙሪት ከተፈጠረ ወይም በፓምፑ ክዳን ሥር የአየር አረፋ ከታየ ግን ከመጠን ታልፏልና የወለሉን መስመር መልሶ ጥቂት መክፈት ይገባል።

ብዙ ባለሙያዎች ለመነሻ የሚሰጡት ልክ ለስኪመሩ ሦስት አራተኛ ያህል፣ ለወለሉ አንድ አራተኛ ያህል ነው። መነሻ ከመሆን ግን አያልፍም፤ ምክንያቱም የመያዣው ቦታና የሚያልፈው ውሃ እኩል አይሄዱም። ግማሽ የተዞረ ቫልቭ ግማሽ ውሃ አያሳልፍም፤ ብዙውን ጊዜ ፍሰቱ በግልጽ የሚቀንሰው መያዣው ወደ መዘጋት ሲቃረብ ነው። በእኔ እምነት ከየትኛውም ቁጥር ይልቅ የስኪመሩ በር ታማኝ ናት። ተስማሚው ቦታ ከተገኘ በኋላ በማይለቅ ቀለም በቫልቩ ላይ ምልክት ማድረግ ለወደፊቱ ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ገንዳው ስኪመሩ ወለል ላይ ሁለት ቀዳዳ ያለው ከሆነ፣ ማለትም የወለሉ መስመር በቀጥታ ወደ ፓምፑ ሳይሆን ወደ ስኪመሩ የሚመጣ ከሆነ፣ ቫልቭ አይኖረውም፤ ድርሻው የሚስተካከለው በቅርጫቱ ሥር በሚቀመጠው ተንሸራታች ክዳን ነው። ይህን ለመንካት ፓምፑን ማጥፋት የግድ ነው። ሁለት ስኪመር ያለው ገንዳ ደግሞ ለፓምፑ የቀረበው ብዙ ይስባል፤ የቀረበውን ጥቂት አጥብቦ የራቀውን መርዳት ተገቢ ሲሆን፣ ነፋስ ቆሻሻውን የሚገፋበት ጥግ ላይ ያለው ስኪመር ቅድሚያ ቢሰጠው መልካም ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የሰው ደኅንነት ነው። ሰው በገንዳው ውስጥ እያለ ስኪመሩን ዘግቶ ሙሉውን ኃይል ለአንድ የወለል መሳቢያ መስጠት አይገባም፤ መሳቢያው የሰውን አካል ወይም ፀጉር ሊይዝና ሊያስቀር ይችላል። ይህ የሚያሳዝን እውነት በአሜሪካ የ7 ዓመቷን ቨርጂኒያ ግሬም ቤከርን እ.ኤ.አ. በ2002 ሕይወት አሳጥቷል፤ በስሟ የተጠራው የገንዳ ደኅንነት ሕግም በ2007 ወጥቷል። አካል የማይዝ ጎበጥ ያለ ክዳን በቦታው መኖሩንና ብሎኖቹ መጥበቃቸውን ሳያዩ ማመጣጠን መጀመር አያስፈልግም። ክዳኑ ከተሰነጠቀ ወይም ከጠፋ ፓምፑ ይጥፋ፤ እስኪተካም ማንም አይግባ። የወለሉን ፍሰት ለመፈተሽም እጅን ወይም እግርን ማስጠጋት ክልክል ነው፤ የገንዳ መፈተሻ ቀለምን ረጅም ዘንግ ላይ በታሰረ ቱቦ ከክዳኑ አጠገብ በመልቀቅ ወደየት እንደሚሄድ ከላይ ሆኖ ማየት ይበቃል።

ገንዳው ሳይዋኝበት በስኪመሩ በኩል የወለል መጥረጊያ ሲሠራ የወለሉን መስመር ለጊዜው መዝጋት ትክክል ነው። ከሥራው በኋላ ግን ወደ ምልክቱ ሊመለስ ይገባዋል፤ ለሳምንታት ተዘግቶ የሚቆይ ቧንቧ ውስጥ ውሃ ይታጎራል፣ ክሎሪኑ ይሟጠጣል፣ አረንጓዴው አልጌም ማደግ ይጀምራል።

ፍጥነቱ የሚለዋወጥ ፓምፕ ያላቸው ሰዎች ማመጣጠኑን ፓምፑ አብዛኛውን ሰዓት በሚሠራበት ፍጥነት ላይ እንዲያደርጉት እመክራለሁ። ፍሰቱ ከፍጥነቱ ጋር ስለሚወርድ፣ በከፍተኛው ላይ ደህና የነበረው ስኪመር በዝቅተኛው በሩን ማንቀሳቀስ እንኳ ሊያቅተው ይችላል። እንዲህ ከሆነ የወለሉን ድርሻ ለዝቅተኛው ፍጥነት አጥብቦ፣ ፓምፑን ወደ ከፍተኛው መልሶ፣ አዙሪት አለመፈጠሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ከተፈጠረ ሁለት ምልክት፣ ለእያንዳንዱ ፍጥነት አንድ አንድ፣ በቫልቩ ላይ ይደረጋል።